አንድ ሥዕል የሚሸጠው አንዴ ነው

ለተወደድሽው ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን፤ እናትሽም ጉልበቷን ጥቂት ከማመሟ በቀር ጤነኛ ናት። ደብዳቤሽ የደረሰኝ ባለፈው ቅዳሜ ነው። ወዲያው ያልመለስኩልሽ የጠየቅሽኝ ነገር በችኮላ የሚመለስ ስላልሆነብኝ ነው። የስጦታ ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ የታንኳዋን ሥዕልሽን አይቶ እንደ ወደዳት፣ ቁርጥ እሷን የመሰሉ ዐሥር ሥዕሎች በአንድ ወር ሠርተሽ እንድታስረክቢው እንደ ጠየቀሽ፣ ለእያንዳንዳቸው የሚከፍልሽ አንቺ ከምትጠሪው ዋጋ ሢሶውን እንደሆነና ሁሉንም «ኦሪጅናል» ብሎ እንደሚሸጣቸው ጽፈሽልኛል። የቤት ኪራይሽም እንደ ደረሰ ነግረሽኛል። ኪራዩን አላቃልለውም፤ በዚሁ ሥራ አራት ልጆች ያሳደግሁ ሰው ስለሆንኩ የወር መጨረሻ ምን እንደሚመስል አውቀዋለሁ። ቢሆንም እንዳትቀበዪው እለምንሻለሁ፤ ምክንያቴንም ልንገርሽ።

ያቺ ሥዕል የተጀመረችበትን ጠዋት አልረሳውም። ነሐሴ አጋማሽ ላይ፣ ዝናቡ ሌሊቱን ሲወርድ አድሮ ጎሕ ሲቀድ ያባራበት ቀን ነበር፤ ከሐይቁ ዳር ካለው ዋርካ ሥር ተቀመጥን። ሸራሽን እንዳቆምሽ መጀመሪያ የጨመቅሽው ሰማያዊ ነበር፤ ሐይቅ ሰማያዊ ነው ብለሽ። ጣና ግን በክረምት ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ከየደጋው ጠርገው በሚያመጡት አፈር ይደፈርሳል። «ውሃውን እዪው» ብቻ ነበር ያልኩሽ። ዝም ብለሽ ብዙ ካየሽ በኋላ ሰማያዊውን በቢላ ጠርገሽ አነሣሽው፤ በርንት አምበር የሚባለውን ጥቁር ቡናማ ከአልትራማሪን ሰማያዊ ጋር አዋሕደሽ፣ ቡናማው እንዲያመዝን አድርገሽ ነጭ ስትጨምሪበት፣ ያ ወተት የገባበት ሻይ የመሰለው የክረምት ውሃ ከሸራው ላይ ወጣ። ወዲያው ከዘጌ በኩል እንጨት የጫነች ታንኳ መጣች። ደንገል ከሚባለው የውሃ ዳር ተክል የተሠራች ታንኳ ውሃ እየጠጣች በሄደች ቁጥር ዝቅ ስለምትል፣ ጎኗ ላይ እርጥቡ ደንገል ከደረቁ የሚለይበት አንድ ጠቆር ያለ መስመር ይታያል። ያቺን መስመር በአንዲት የብሩሽ ምት አስቀመጥሻትና እጅሽን አነሣሽ። እኔ ብሆን ሦስት ጊዜ እመላለስባት ነበር። ነጋዴው የወደደው ምን እንደሆነ ለይቶ ባይነግርሽም፣ ታንኳዋን ክብደት የሰጣት ያ መስመር ነው። ዐሥሩን ስትሠሪ ግን የምታዪው ሐይቁን ሳይሆን የራስሽን ሥዕል ነው፤ መስመሩም ከአራተኛው በኋላ የውሃው ልክ መሆኑ ቀርቶ ጌጥ ይሆናል።

እዚህ ላይ «አባቶቻችንስ ያንኑ ሥዕል ደጋግመው ይሥሉ አልነበረም ወይ?» እንደምትዪኝ አውቃለሁ፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። ልጅ ሆነሽ ይዤሽ የሄድኩባትን የዘጌዋን የዑራ ኪዳነ ምሕረትን መቅደስ አስታውሺ። ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ ላይ ሆኖ ዘንዶውን ሲወጋ በስንት ቤተ ክርስቲያን ታይቷል! ሥርዓቱ የሚያዘው ጉዳዩንና አቀማመጡን ስለሆነ፣ ሠዓሊው ያንኑ ታሪክ በሌላ ግድግዳ ላይ እንደገና ይሥለዋል እንጂ የጎረቤቱን ሥዕል ሠርቆ አይወስድም፤ ከምእመኑም ይህ ሥዕል በዓለም ላይ ብቻውን ነው ተብሎ ገንዘብ አልተወሰደበትም። አንቺም ታንኳን ዕድሜ ልክሽን ብትሥዪ ማንም አይወቅስሽም። የምከለክልሽ ያቺኑ ሥዕል ዐሥር ጊዜ አባዝቶ እያንዳንዱን ገዢ «የእኔ ብቻ ናት» እያሰኙ መሸጥን ነው። ከአሥሩ ገዢዎች ሁለቱ አንድ ቀን አንድ ቤት ቡና ቢጠጡና ግድግዳውን ቀና ብለው ቢያዩ፣ የሚያፍረው ነጋዴው አይደለም፤ ከሥዕሉ ጥግ ላይ የተጻፈው ያንቺ ስም ነው።

ሁለተኛው ምክንያቴ ቀለሙ ራሱ ነው። የዘይት ቀለም እንደ ውሃ ቀለም ተንኖ አይደርቅም። ቀለሙን የያዘው የተልባ ዘይት ከአየሩ ኦክስጅን እየወሰደ ቀስ በቀስ ወደ ጠንካራ ሽፋን ይለወጣል፤ ይህ ደግሞ በነጋዴ ቀጠሮ አይፋጠንም። ስስ ቅብ እጅ ላይ የማይቀር እስኪሆን ቀናት፣ ወፍራም ቅብ ሳምንታት ይፈልጋል፤ ቫርኒሽ የሚባለውን የመጨረሻ መከላከያ ሽፋን ለመቀባት ደግሞ ከ6 እስከ 12 ወር መጠበቅ የቆየ ልማድ ነው። በአንድ ወር ዐሥር ሥዕል አስረክባለሁ ያለ ሠዓሊ ወይ እርጥብ ሥዕል ያስረክባል፣ ወይ ሳይደርቅ በላዩ ላይ ይደርባል።

ይህን የምነግርሽ ከራሴ ጥፋት ተነሥቼ ነው። አንቺ ገና ሳትወለጂ አንድ ሆቴል ለእንግዳ መቀበያው ትልቅ የሐይቅ ሥዕል አዝዞኝ ነበር። የምርቃቱ ቀን ስለ ደረሰብኝ፣ ከሥር የተልባ ዘይት ያበዛሁበትን ጠቆር ያለ ቅብ ሳላስደርቅ፣ ሰማዩን በአኳራጅ ባቀጠንኩት፣ ዘይቱ ባነሰ ቀለም ሸፈንኩት። ሕጉን ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም፤ ዘይቱ ያነሰው ከታች፣ ዘይቱ የበዛው ከላይ መሆን እንዳለበት መምህሬ ደጋግሞ ነግሮኛል። የላይኛው ቶሎ ደርቆ ሲጠነክር የታችኛው ገና ይንቀሳቀስ ነበርና፣ በሁለተኛው ዓመት ሰማዩ ውሃ የሸሸው ጭቃ መስሎ ተሰነጣጠቀ። ባለቤቱ አስጠርተው በትሕትና «ይህን እዩልን» አሉኝ። እንግዶች ሻንጣቸውን ይዘው በሚያልፉበት ቦታ ላይ ቆሜ የገዛ ስሜን ከስንጥቁ ሥር ሳነብ የተሰማኝን ለእናትሽ እንኳ በቅጡ አልነገርኳትም። አራት ወር ወስጄ ሌላ ሥዕል ያለ ክፍያ ሠራሁላቸው። ገዢ ከላይ ያለውን እንጂ ከሥር ያለውን ማየት አይችልም፤ ሸራው ከቀለሙ በፊት በሙጫና ጀሶ በሚባለው ነጭ መሠረት በደንብ መሸፈኑን፣ ዘይቱ የሸራውን ጥጥ እንዳያበሰብሰው መደረጉን የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ። ዋጋው ሢሶ ሲሆን መጀመሪያ የሚጎድለው ደግሞ ይኸው የማይታየው ነው።

ስለዚህ ለነጋዴው እንዲህ ብለሽ መልስ ስጪው። ያቺ ሥዕል እንድትባዛ ከፈለገ፣ በጥሩ ወረቀት ላይ ታትማ፣ ኅትመት መሆኗ በግልጽ ተነግሮ፣ ቁጥር ተሰጥቷትና አንቺ ፈርመሽባት በኅትመት ዋጋ ትሸጥ። ለዚህም ፈቃድ የምትሰጪው አንቺ ነሽ፤ ሸራውን የገዛ ሰው የማባዛት መብቱን አብሮ አልገዛም፤ በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ይህ መብት ያንቺ ነው። የእጅ ሥራ ካልሆነ አልፈልግም ካለ ደግሞ 20 በ30 ሳንቲ ሜትር የሆኑ አምስት ትንንሽ ሥዕሎች፣ እያንዳንዳቸው ለየብቻ ከሐይቁ ዳር የተሠሩ፣ በሦስት ወር ውስጥ ልታስረክቢው ትችያለሽ። ግማሹን ቀብድ ተቀበዪ፤ ውሉም በጽሑፍ ይሁን። ዋጋሽን በስፋት አስይው፤ ለምሳሌ በካሬ ሳንቲ ሜትር 3 ብር ካልሽ 50 በ70 የሆነው 10,500 ብር ይመጣል፤ ለትንንሾቹ ግን ድካማቸው ከስፋታቸው ስለሚበልጥ ከፍ አድርጊ። ከቤትሽ ለሚገዛሽም ከሱቅ ለሚገዛውም ዋጋው አንድ ይሁን፤ ባለሱቁ ድርሻውን የሚያነሣው ከዚያው ላይ ነው። ለዘመድ ከዋጋ ከምትቀንሺ ትንሽ ንድፍ መርቂለት።

ለኪራዩ የሚጎድልሽን በዚህ ሳምንት ልኬልሻለሁና በዚህ አትጨነቂ፤ ብድር ነው ካልሽም ሲሸጥልሽ ትመልሺልኛለሽ። ከወንድምሽ ጋር ደግሞ ጀሶ ቀብቼ ያደረቅኋቸውን አምስት ሸራዎች በአውቶቡስ እልካለሁ፤ ከመናኸሪያ ራስሽ ተቀበዪው። ዋናዋን የታንኳ ሥዕል የሚገዛ ሲመጣ፣ ከመስጠትሽ በፊት ፎቶ አንሥተሽ በመዝገብሽ ላይ ልኳን፣ ዓመቷንና የገዢውን ስም ጻፊ፤ ከሸራው ጀርባም «ጣና፣ ነሐሴ» ብለሽ ጻፊባት። ሩቅ አገር የሚወስዳት ከሆነና መጠቅለል ግድ ካለ፣ በደንብ መድረቋን አረጋግጠሽ፣ ቀለሙ ወደ ውጭ ሆኖ በሰፊ ቱቦ ላይ ትጠቅለል፤ ወደ ውስጥ ከተጠቀለለች ቀለሙ እየተጨማደደ ይነሣል። ለመስቀል ስትመጪ ውሃው ጥርት ማለት ይጀምር ይሆናል፤ ዋርካው ሥር እንቀመጣለን።

አባትሽ
ባሕር ዳር