ያ ሰውዬ ለምን ተባረረ? ለልጄ ለናቲ

ይድረስ ለልጄ ለናቲ፣

እንደምን ሰነበትክልኝ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የእናትህም ጉልበት ትንሽ ቀለል ብሏታል።

ባለፈው እሁድ ስትደውል የልጆች ቅርጫት ኳስ ቡድን እንድታሠለጥን መቀጠርህን ነገርከን። እናትህ እልልታዋን አቀለጠችው። ልትዘጋ ስትል ደግሞ «አባዬ፣ አሠልጣኙ ቦብ ናይት ግን በመጨረሻ ለምን ነበር የተባረረው? እዚህ ትልልቆቹ ሰዎች አሁንም ይከራከሩበታል» አልከኝ። እኔም «የተማሪ ክንድ ይዞ ነው» አልኩህና ወሬውን ቆረጥኩት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ነገሩ ሆዴን ሲበላኝ ሰነበተ። የነገርኩህ ውሸት አይደለም፤ ግን እውነቱም እሱ ብቻ አይደለም። በስልክ ብነግርህ መሃል ላይ ስለማቋርጠው ቁጭ ብዬ ልጻፍልህ አልኩ።

ቀኑን እንደ ትናንት አስታውሰዋለሁ። በፈረንጅ ሴፕቴምበር 10 ቀን 2000 ነው፣ እሁድ። በኛ ጳጉሜን 5 ቀን 1992፣ የአዲስ ዓመት ዋዜማ። ኢንዲያናፖሊስ ከገባን ሁለት ዓመት አልሞላንም። እናትህ አንተን አርግዛ ሰባተኛ ወሯ ነው። እሷ ቤት ለዶሮው ሽንኩርት ታቁላላለች፤ እኔ ሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ ሰሃን አጥባለሁ። መደርደሪያው ላይ ትንሽ ቴሌቪዥን ነበረች። የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ማይልስ ብራንድ መጣና ናይት መሰናበቱን ተናገረ። አብሮን የሚሠራ አንድ ሽማግሌ ምግብ አብሳይ ነበር። ሽርጡን ፈታ። የተገለበጠ የወተት ሳጥን ላይ ተቀመጠ። ሽርጡን ፊቱ ላይ አድርጎ አለቀሰ። እኔ እንግሊዝኛውን በደንብ አልያዝኩም ነበርና የአገር መሪ የሞተ መሰለኝ።

ያ ሽማግሌ ለምን እንዳለቀሰ ለማወቅ ናይት ማን እንደነበር ማወቅ አለብህ። አንተ በወሬ ነው የምታውቀው። የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲን ቅርጫት ኳስ ቡድን ሊያሠለጥን ዩኒቨርሲቲው ወዳለበት ወደ ብሉሚንግተን የመጣው በ1971 ነው፤ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፍልህ። 29 ዓመት ቆየ። ሦስት ጊዜ የአገሪቱን ዋንጫ አነሳ፦ በ1976፣ በ1981 እና በ1987። የ1976ቱ ቡድን 32 ጨዋታ ተጫውቶ 32ቱንም አሸንፏል። ከዚያ ወዲህ በወንዶቹ አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ ዋንጫ የወሰደ የኮሌጅ ቡድን የለም። በ1984 የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ የአሜሪካን ቡድን መርቶ ወርቅ አመጣ። ሰው ሁሉ «ጄኔራሉ» ነበር የሚለው።

ደግነቱንም አልደብቅህም። ተጫዋቾቹ ትምህርታቸውን እንዲጨርሱ አጥብቆ ይከታተል ነበር። ላንደን ተርነር የሚባል ተጫዋቹ በ1981 የመኪና አደጋ ደርሶበት ሽባ ሲሆን ናይት ገንዘብ አሰባሰበለት። በዓመቱም ሴልቲክስ የሚባለው የቦስተን ፕሮፌሽናል ቡድን ስሙን ከሚመርጣቸው ተጫዋቾች ዝርዝር ውስጥ እንዲያስገባው አደረገ። መራመድ የማይችለውን ልጅ! ይህን የሰማሁ ጊዜ ዕንባዬ መጥቷል። ስለዚህ ሰውዬውን ክፉ ብለህ ብቻ አትለፈው። ክፉ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር።

እጁ ግን አያርፍም ነበር። አፉም እንደዚያው። በ1985 ከፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሲጫወቱ በዳኛው ተናዶ ቀይ ወንበር አንስቶ ሜዳው ላይ ወረወረ። ወንበሩ ወለሉን እየፋቀ ሲንሸራተት ዛሬም በቪዲዮ ታየዋለህ። ቅጣቱ አንድ ጨዋታ ነበር። ሰው ሳቀ፤ በየቡና ቤቱ ቀልድ ሆነ። እኔ እንደሚመስለኝ ነገሩ የተበላሸው ያኔ ነው። አዋቂ ሰው ወንበር ሲወረውር ሕዝብ ከሳቀለት ነገ የሚወረውረው ወንበር አይሆንም።

ኒል ሪድ የሚባል ተጫዋች ነበረው። በ1997 ቡድኑን ለቆ ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ሄደ። በ2000 ብቅ ብሎ «ልምምድ ላይ አንገቴን ይዞኛል» ብሎ ተናገረ። ውሸታም ያለው፣ ከሃዲ ያለው ሰው ብዛቱ! ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሲኤንኤን የልምምዱን ቪዲዮ አወጣው። ናይት ጠጋ ይልና እጁን ልጁ አንገት ላይ ያሳርፋል። የልጁ ራስ ወደ ኋላ ይሄዳል። ጥቂት ሰከንድ ነው፣ በቃ። ልምምዱ ይቀጥላል። እኔን ያንገበገበኝ ይሄ መቀጠሉ ነው። በዚያ ጂም ውስጥ ምክትል አሠልጣኞች ነበሩ፣ ሌሎች ተጫዋቾች ነበሩ። ሦስት ዓመት ሙሉ ያ ቪዲዮ ሳይወጣ ቆየ።

በዚያው ዓመት በሜይ ወር ዩኒቨርሲቲው ሦስት ጨዋታ አገደው፣ 30 ሺህ ዶላር ቀጣው። ከእንግዲህ አንዲት ጥፋት ካየን ትሰናበታለህ ተባለ። አራት ወር እንኳ አልሞላም። ሴፕቴምበር 7 ቀን አንድ የ19 ዓመት ተማሪ በሕንፃው ውስጥ ሲያገኘው «ናይት፣ እንዴት ነው?» ብሎ በባዶ ስሙ ጠራው። ናይት ክንዱን ይዞ ሥርዓት አስተማረው። መያዙን አልካደም፤ በቁጣ አልነበረም አለ። ብራንድ በፈቃድህ ልቀቅ ቢለው እምቢ አለ። ከዚያ በኋላ ነው ያ እሁድ የመጣው። ማታውን ተማሪዎች የፕሬዚዳንቱን ቤት ከበው ጮኹ። ክንዱ የተያዘው ልጅ ደግሞ የዛቻ መልእክት ይጎርፍለት ጀመር።

አሁን የምነግርህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። እኔ ያኔ ከናይት ጎን ነበርኩ።

አስበው። የ59 ዓመት ሰው ነው፣ አንጋፋ መምህር። አንድ ጎረምሳ እንደ እኩያው በስሙ ይጠራዋል። እኔ ባደግኩበት ደንብ አንቱ ይባላል፣ ከመቀመጫ ይነሱለታል። «ምን አጠፋ? ልጁን አረመው እንጂ» አልኩ። ማታ ለእናትህም እንደዚያው ስነግራት ማማሰያዋን አስቀምጣ አየችኝ። «የራሱ ልጅ ነው?» አለችኝ። መልስ አልሰጠኋትም።

አያትህ እኔን የኔታ ዘንድ ሲያስገቡኝ ስድስት ዓመቴ ነበር፣ ጎጃም። እጄን ይዘው አስረከቡኝና «የኔታ፣ ዓይኑን ብቻ ይተዉልኝ» አሏቸው። ሌላው አካላቴ ተፈቀደ ማለት ነው። አያትህ በፍቅር ነው ያሉት፤ ልጃቸው ፊደል እንዲቆጥር ፈልገው ነው። የኔታም አልሰሰቱም። «ኀ»ን ስስት አርጩሜው በጣቶቼ ላይ ያርፋል። ፊደሉን አወቅኩት። ግን ልጄ፣ ይሄው 50 ዓመት አለፈኝ፣ ዛሬም «ኀ»ን ስጽፍ እጄ ትንሽ ትደነግጣለች። ይህን ደብዳቤ ስጽፍም ደንግጣለች። ያን ሁሉ ዓመት «ተገርፌ ነው ሰው የሆንኩት» እያልኩ ኖርኩ። ሰው ያደረገኝ ፊደሉ ነው። አርጩሜው የተወልኝ ድንጋጤውን ነው።

ከዚያ ያንተ ጊዜ መጣ።

15 ዓመትህ ነበር። ማታ ከልምምድ መጥተህ ሳትበላ ወደ ክፍልህ ገባህ። መታጠቢያ ቤት ስገባ ማልያህ መጋረጃው ብረት ላይ ተሰቅሎ ይንጠባጠባል። አንገቱ ተለጥጦ አንድ እጅ ሙሉ ወርዷል። ክሩ በአንድ በኩል ተበጥሷል። ራስህ በሳሙና አጥበኸው ነበር፣ እናትህ እንዳታይ። ጠርቼ ጠየቅኩህ። «አሠልጣኙ በማልያዬ ጎተተኝ። ከዚያ ኳሱን ደረቴ ላይ…» ብለህ ጀመርክ። አላስጨረስኩህም። «ለጥቅምህ ነው፣ ታገስ፣ እኛ ስንት ችለናል» አልኩህ። አንተም «እሺ አባዬ» አልክ። ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን ስለዚያ ሰውዬ አላነሳህልኝም። እኔም አልጠየቅኩህም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የኔ ዝምታ ግን ነቅዟል ልጄ፤ ስንት ዓመት ውስጤ ሆኖ ሲበላኝ ኖሯል።

ጥያቄህን አሁን ልመልስልህ። ናይት የተባረረው የተማሪ ክንድ ስለያዘ ነው ይላሉ፤ ወረቀቱም ወደዚያው ይጠጋል። እኔ ግን ሥራውን ያጣው በየዓመቱ ትንሽ በትንሽ ነው እላለሁ፣ ማንም ተው ሳይለው በቀረ ቁጥር። የሚገርመኝ ደግሞ ይሄ ነው፦ የራሱ ተጫዋች አንገት አላስባረረውም፣ ሦስት ጨዋታ ብቻ ነው ያሳገደው። ያስባረረው የማያሠለጥነው ልጅ ክንድ ነው። ተጫዋች የሆነው ልጅ በወላጁ ተሰጥቷል፣ እንደኔ። «ዓይኑን ብቻ ይተዉልኝ» ተብሎለታል። ሌላውን ልጅ ግን ማንም አልሰጠውም።

ዋንጫውንም አትርሳ። ቡድኑ ከ1994 በኋላ በአገር አቀፉ ውድድር ከሁለተኛው ዙር አልፎ አያውቅም ነበር። ድሉ ሲሳሳ የሰው ጆሮ ተከፈተ። ኒል ሪድ በ1987 ተናግሮ ቢሆን ማን ይሰማው ነበር?

የናይት ብቻ እንዳይመስልህ። ከ13 ዓመት በኋላ ኒው ጀርዚ ውስጥ ራትገርስ ዩኒቨርሲቲ ማይክ ራይስ የሚባል አሠልጣኝ ነበር። ልምምድ ላይ ልጆቹን ሲገፈትር፣ ኳስ ሲወረውርባቸው፣ በጸያፍ ስድብ ሲያዋርዳቸው በቪዲዮ ተቀረጸ። የስፖርት ክፍሉ ኃላፊ ቪዲዮውን አይቶ በዲሴምበር 2012 ሦስት ጨዋታ አገደውና 50 ሺህ ዶላር ቀጣው። አሁንም ሦስት ጨዋታ! በኤፕሪል 2013 ኢኤስፒኤን የሚባለው የስፖርት ቴሌቪዥን ለሕዝብ ሲያሳየው በማግስቱ ተባረረ። በዚያው ሳምንት ኃላፊውም ለቀቀ። ቪዲዮው ያው ነው። የተለወጠው የተመልካቹ ብዛት ብቻ ነው።

ናይት ሌላ ሥራ አላጣም። ቴክሳስ ቴክ ሄዶ እስከ 2008 አሠለጠነ፣ በድምሩ 902 ጨዋታ አሸንፎ ወጣ። ወደ ብሉሚንግተኑ ሜዳ የተመለሰው በፌብሩዋሪ 2020 ነው፣ ከ20 ዓመት ቅሬታ በኋላ፣ በድሮ ተጫዋቾቹ ተከቦ። አብረን በቴሌቪዥን አየነው፣ ታስታውሳለህ? አንተ አጨበጨብክ። በ2023 በ83 ዓመቱ አረፈ። ኒል ሪድ ግን ካሊፎርኒያ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ መምህርና አሠልጣኝ ሆኖ ነበር። በ2012 በልብ ሕመም ሞተ፤ ገና 36 ዓመቱ ነበር። አንገቱ የተያዘው ልጅ ራሱ አሠልጣኝ ሆነ። ስለ እሱ ባሰብኩ ቁጥር አንተ ትመጣብኛለህ።

ቡድንህን ስትይዝ አትጩህ አልልህም። ኳስ ያለ ጩኸት አይሆንም፤ እሱን ከኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ። አንድ ነገር ግን እለምንሃለሁ። አንድ ወላጅ ልጁን ይዞ መጥቶ «እንደፈለግክ አድርገው፣ ልጅህ ነው» ሊልህ ይችላል። በተለይ የኛ ሰው ይልሃል፤ አክብሮህ ነው። ያኔ ልጁ ፊት «አመሰግናለሁ፣ እኔ ኳስ ብቻ ነው የማስተምረው» በለው። ልጁ ይስማ።

ያን ማታ ስላላስጨረስኩህ ይቅር በለኝ። ማልያውን እናትህ ክሩን ሰፍታ አስቀምጣዋለች፤ ለካ አይታው ኖሯል። ቅዳሜ ሥራ የለኝም። ቡና ይዤ እመጣለሁ፣ እናትህም ድፎ ትልክልሃለች። ከልምምዱ በኋላ ልጆቹ ሲሄዱ እዚያው ጂሙ ውስጥ እንቀመጥና ኳሱ ደረትህ ላይ ካረፈ በኋላ የሆነውን ንገረኝ። እስክትጨርስ አልናገርም።

አባትህ