ቴዎድሮስ ስንል የትኛውን?

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ስለ አፄ ቴዎድሮስ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ግን ስሙን ከልጅነታቸው ጀምሮ የያዙት አስመስላችሁታል። ሰውየው ካሳ ኃይሉ ነበሩ። ቴዎድሮስ የተባሉት በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ሲነግሡ ነው፤ ፍካሬ ኢየሱስ የተባለው የትንቢት መጽሐፍ በዚህ ስም ጻድቅ ንጉሥ ይነሣል ስለሚል፣ ሕዝቡም ይጠብቅ ስለነበር። ብልህ ምርጫ! በ15ኛው ክፍለ ዘመን ለጥቂት ጊዜ የነገሡ ሌላ ቴዎድሮስም አሉ፤ ምኒልክን «ዳግማዊ» ሳንል የማናልፍ ሰዎች ለእኚህ ለካሳ መሰሰታችን ይገርመኛል። ለወዳጅማ አባ ታጠቅ ናቸው፣ መይሳው ካሳ ናቸው። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ «ቴዎድሮስ ጋ ወራጅ» የሚል ተሳፋሪ አደባባዩን ማለቱ ነው። እዚያ የቆመው ሴባስቶፖል ደግሞ አምሳያው ነው፤ ዋናው መድፍ ያለው መቅደላ ነው። የፎቶው መግለጫ ይታረም።

አንባቢያችሁ