ቀብዱ ከሥራው አይቅደም

ለዝግጅት ክፍሉ፤

ሂውስተን በ2017 በሃርቪ፣ በ2024 በቤሪል አውሎ ነፋስ ስትመታ እንደታየው፣ ውኃው ሳይጎድል ኮንትራክተሩ በር ያንኳኳል። "ማድረቂያ ማሽኑ ሌላ ቤት ሳይሄድብዎ ግማሹን ዛሬ ይክፈሉ" ይላል። ባለቤቱ ቢቸኩል አይፈረድበትም፤ የራሰ ግድግዳ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ሻጋታ ማብቀል ይጀምራል።

ቴክሳስ ለዚህ ከ2011 ጀምሮ ሕግ አላት። የንግድ ሕጉ ምዕራፍ 58 የአደጋ ጽዳትና ጥገና ኮንትራክተር ሥራ ሳይጀምር ቀብድ እንዳይጠይቅ ይከለክላል፤ ከጀመረም በኋላ የሚጠይቀው ከሠራውና ካቀረበው ዕቃ ጋር መመጣጠን አለበት። ይኸው ቃል በውሉ ላይ ቢያንስ በ10 ነጥብ ደማቅ ፊደል መታተም አለበት። "መብቴን ትቻለሁ" ተብሎ ቢፈረም እንኳ ዋጋ የለውም።

ሕጉ ግን ቀዳዳ አለው። በካውንቲው ወይም በአጎራባቹ ቢያንስ አንድ ዓመት የንግድ አድራሻ የነበረውን ኮንትራክተር አይነካም። የታሰበው የሌላ ግዛት ታርጋ ለጥፎ ለሚመጣው ነው። የአንዱን ቤት ቀብድ ለሌላው ቤት ዕቃ መግዣ የሚያደርግ ሰው ግን ከሰፈሩም አይጠፋም፤ ቴክሳስ ደግሞ ለጠቅላላ ኮንትራክተር የግዛት ፈቃድ ስለማትጠይቅ የሚነጠቀው ፈቃድ እንኳ የለም። "መመጣጠን" የሚለውም ቁጥር የለውም። ሜሪላንድ የቤት እድሳት ቀብድ ከዋጋው ሲሶ እንዳይበልጥ፣ ካሊፎርኒያ ደግሞ ከ1,000 ዶላር ወይም ከ10 በመቶ ካነሰው እንዳያልፍ ቁርጥ አድርገዋል። ቴክሳስም የካሊፎርኒያን ልክ ለሰፈሩም ለመጤውም እኩል ታውጣ እንላለን። ማሽን የሚከራይበት ገንዘብ የሌለው ትንሽ ኮንትራክተር ይጎዳል ለሚሉ፦ ባለቤቱ ኪራዩን በቀጥታ ለአከራዩ ይክፈል፤ ደረሰኙም በስሙ ይሁን።

እስከዚያው ክፍያውን በሥራው ደረጃ ይከፋፍሉት። የመጀመሪያው ድራይዎሉ (የግድግዳው የጂፕሰም ሰሌዳ) ውኃው ከደረሰበት በላይ ተቆርጦ፣ ከውስጡ ያለው የራሰ የሙቀት መከላከያ ፋይበር ወጥቶ መንገድ ዳር ሲቆለል ይከፈል። ሁለተኛው የግድግዳው እንጨት በእርጥበት መለኪያ ከ15 በመቶ በታች ሲነበብ። ሥራ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው፤ አዲሱ ድራይዎል ሲለጠፍ ገንዘብ የሚከፈል ከሆነ፣ ሠራተኛው እንጨቱ ሳይደርቅ ይዘጋዋል፤ ሻጋታውም ከውስጥ ይበቅላል። ስለዚህ 15 በመቶ የሚለውን ቁጥር ውሉ ውስጥ ያስጽፉ፣ ንባቡንም ቆመው ይዩ።

ከጠቅላላው ዋጋ 10 በመቶውን ሥራው ካለቀ በኋላ ለ30 ቀን ይያዙት። ይህ ንፍገት አይደለም፤ ኮንትራክተሩ ያልከፈላቸው ሠራተኞችና ዕቃ አቅራቢዎች በቤቱ ላይ ዕዳ እንዳያስመዘግቡ የቴክሳስ የንብረት ሕግ ራሱ ባለቤቱን የሚያዘው ነው። የኢንሹራንስ ቼክ ሲመጣም ጀርባውን ፈርመው ለኮንትራክተሩ አያስረክቡ፤ ወደ ራስዎ ሒሳብ ያስገቡና ከዚያ በየደረጃው ይክፈሉ። ሞርጌጅ ካለብዎ የባንኩም ስም ቼኩ ላይ ስለሚኖር መዘግየቱን አስቀድመው ለኮንትራክተሩ ይንገሩት።

በሂውስተን የቤት ጥገና ባለሙያዎች