«ሲወለዱ ስንት ኪሎ ነበሩ?» ብሎ የጠየቀኝ የለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

በጤና ዓምዳችሁ የስኳር በሽታን «ጠግቦ የሚበላና የማይንቀሳቀስ ሰው በሽታ» ያላችሁበትን ጽሑፍ አነበብኩት። ስለ እንቅስቃሴና ስለ ጣፋጭ የተባለው ልክ ነው፤ አልከራከርበትም። ነገር ግን ጸሐፊው የሰውን ጤና ታሪክ ከማዕድ ጀመረው። ታሪኩ ከዚያ በጣም ቀደም ብሎ ይጀምራል፤ እኔ አንዱ ምስክር ነኝ።

የተወለድኩት በ1977 ዓ.ም. ቆቦ አካባቢ ነው። ዓመቱንና ቦታውን ስናገር በዕድሜ ከፍ ያሉ ሰዎች ረሃቡን አስታውሰው ዝም ይላሉ። ስንት ኪሎ ሆኜ እንደተወለድኩ የሚያውቅ የለም፤ በዚያ ጊዜ ማን ሚዛን ያስታውሳል? እናቴ «በነጠላ ስጠቀልልህ ነጠላው ካንተ ይከብድ ነበር» ትላለች። እስከ ሠላሳ ዓመቴ ነፋስ የሚወስደኝ ቀጭን ነበርኩ። አዲስ አበባ ወንበር ላይ የሚያውል ሥራ ካገኘሁ በኋላ ግን በአራት ዓመት ሃያ ኪሎ ጨመርኩ። አገር ቤት ስሄድ ዘመድ አዝማድ «አሁን ሰው መሰልክ!» እያለ በእልልታ ተቀበለኝ። በሠላሳ ስምንት ዓመቴ ደም ግፊትም ስኳርም ተገኘብኝ። ሐኪሙ ሲጋራ አጨስ እንደሆነ፣ ከወላጆቼም ስኳር ያለበት እንዳለ ጠየቀኝ። ሁለቱም የለም አልኩት። ወረቀቱን ገልብጦ መድኃኒት ጻፈልኝ።

ከዚያ በኋላ ነው ማንበብ የጀመርኩት። በእንግሊዝ ሃርትፎርድሺየር በምትባል አውራጃ ከ1911 እ.ኤ.አ. አንሥቶ አዋላጆችና የቤት ለቤት ነርሶች ሕፃናትን ሲወለዱና አንድ ዓመት ሲሞላቸው እየመዘኑ በመዝገብ ያሰፍሩ ነበር። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ዴቪድ ባርከር የተባለ ሐኪምና ባልደረቦቹ እነዚያን መዝገቦች ይዘው የሕፃናቱን መጨረሻ ተከታተሉ። ሲወለዱና በዓመታቸው ክብደታቸው ዝቅተኛ የነበሩ ወንዶች በልብ በሽታ ከሌሎቹ ይልቅ አብዝተው ሞተው ተገኙ። ሆላንድም በጀርመን ወረራ ማብቂያ፣ ከ1944 ወደ 1945 እ.ኤ.አ. በተሻገረው የብርድ ወራት፣ ክፉኛ ተርባ ነበር። ያኔ በእናታቸው ማህፀን የነበሩት ሰዎች ካደጉ በኋላ ሰውነታቸው ስኳርን እንደ እኩዮቻቸው መቆጣጠር አቃተው።

ምክንያቱ ሲገባኝ ለብዙ ቀን ከአእምሮዬ አልወጣም። የተራበ ጽንስ ያለችውን ለአንጎሉ ያስቀድምና ስኳርን ከሚቆጣጠረው ቆሽትና የደም ግፊትን ከሚያስተካክለው ኩላሊት ይቆጥባል። የኩላሊት ማጣሪያዎች ደግሞ የሚሠሩት ከሞላ ጎደል ከመወለድ በፊት ነው፤ ያኔ የጎደለው በኋላ በአጥሚትም በቅቤም አይተካም። በጥቂቱ እንዲኖር የተሰናዳ እንዲህ ያለ አካል በድንገት ሲወፍር ነው ችግሩ የሚበረታው። በትንሽ ኪሎ የተወለደ ሁሉ ይታመማል ማለት አይደለም። ተወፈረ ብሎ እልል ከማለት በፊት ግን ጅማሬውን ማወቅ ይጠቅማል።

ይህ የፈረንጅ ወሬ ብቻ አይደለም። በራያ ቆቦ የእኛው ተመራማሪዎች በ1977ቱ ረሃብ ጊዜ ጽንስና ሕፃን የነበሩትን መርምረው ከደም ግፊት ጋር ዝምድና አግኝተውበታል። ወደ እስራኤል የሄዱት ወገኖቻችንም በአብዛኛው ቀጭን ሆነው ገብተው፣ ከዓመታት በኋላ የስኳር በሽታ በብዛት ታየባቸው፤ ያውም ብዙ ሳይወፍሩ። የጎንደር ሐኪሞች ከገጠር የሚመጡ ቀጫጭን ወጣት የስኳር ሕሙማንን ሲያክሙ ኖረዋል። ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽንም በ2017 ዓ.ም. ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን ስኳር «አምስተኛው ዓይነት» ብሎ ዕውቅና ሰጥቶታል። እንግዲህ «የጠገበ ሰው በሽታ» የሚለው አባባል እነዚህን ሰዎች የት ያስቀምጣቸዋል? ቀጭኑ ገበሬ «እኔን አይነካኝም» ብሎ ሳይመረመር እንዲቀር ነው የሚያደርገው።

በ2007 ዓ.ም. መንግሥት በሰቆጣ ቃል ኪዳን የሕፃናትን መቀንጨር ለማጥፋት ቃል ሲገባ ብዙዎቻችን የቁመት ጉዳይ መስሎን ነበር። ከአርባ ዓመት በኋላ የሚመጣ የደም ግፊትና የስኳር ጉዳይም ነው። ነፍሰ ጡር ሴት የምትበላው ሲጎድል ዕዳው የሚከፈለው ምናልባት በ2060 ዓ.ም. ነው። ዓምዳችሁ ይህን ቢጽፍ ደስ ይለኛል።

አንድ ነገር ልጨምር። ባለፈው ዓመት ሴት ልጅ ተወልዳልኛለች። ካርዷን ቤት ገብቼ ሳየው የክብደት ቦታው ባዶ ነበር። ሲመዝኗት ቆሜ አይቻለሁ፤ ሁለት ኪሎ ከሰባት መቶ ነበረች። በማግስቱ ተመልሼ ሄድኩ። ነርሷ «ከሁለት ኪሎ ተኩል በላይ ናት እኮ፣ ምን ያሳስብዎታል?» አለችኝ። አስጻፍኳት፤ ማኅተምም አስደረግኩበት። ካርዱ ከቤቱ ካርታ ጋር በአንድ ፌስታል ተቀምጧል።

አንድ አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ