11.4 በመቶ የማን ቁጥር ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ባለፈው ሳምንት በኢኮኖሚ ገጻችሁ ግለሰቦች በአክሲዮን ገበያ ለምን እንደሚከስሩ የሚተርክ ዘገባ አውጥታችኋል። ያነበበው ሁሉ በቀይ ቀለም የተጻፈውን ያንን ትልቅ ቁጥር አይረሳውም፤ 11.4 በመቶ። ከጎኑ 17.9 በመቶ ተቀምጧል። ከሥራቸው ደግሞ ገበያው በዓመት 17.9 ሲያተርፍ ግለሰብ ባለአክሲዮን ያገኘው 11.4 ብቻ እንደሆነ ተጽፏል። ቁጥሮቹ ትክክል ናቸው። 11.4 ግን የግለሰብ ባለአክሲዮኖች ሁሉ ቁጥር አይደለም፤ የእኔም አይደለም፤ እንደ እኔ ገዝተው ዝም ብለው የሚቀመጡ የብዙ ሰዎችም አይደለም።

ዘገባችሁ «አንድ የአሜሪካ ጥናት» ብሎ በደፈናው ያለፈው፣ ብራድ ባርበርና ቴራንስ ኦዲን የተባሉ ሁለት የፋይናንስ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተሙትን ጥናት ነው (በዚህ ደብዳቤ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ምሁራኑ ከ1991 እስከ 1996 በአንድ ትልቅ የአክሲዮን አገናኝ ድርጅት፣ ማለትም ለደንበኞች አክሲዮን በሚገዛና በሚሸጥ ድርጅት፣ ሒሳብ የነበራቸውን 66,465 ቤተሰቦች መዝገብ መረመሩ። ከዚያም ቤተሰቦቹን ምን ያህል ደጋግመው እንደሚገዙና እንደሚሸጡ እያዩ በአምስት እኩል ቡድን ከፈሏቸው። 11.4 በመቶ ያገኘው ከአምስቱ አንዱ፣ ያውም አብዝቶ የሚገዛውና የሚሸጠው ቡድን ነው። አማካዩ ቤተሰብ 16.4 በመቶ አግኝቷል። ከሁሉም ያነሰ የሚገዛውና የሚሸጠው ቡድን ደግሞ 18.5 በመቶ።

ሦስቱም ቁጥሮች ያሉት በአንድ ጥናት ውስጥ ነው። ዘጋቢያችሁ የመጀመሪያውን ሲያገኝ ሁለቱን ለመፈለግ አንድ ገጽ መግለጥ ከበደው? ወይስ አገኛቸውና ርዕሱን የሚያበላሹ ሆነው ታዩት? ከሁለቱ የትኛው እንደሚከፋ ለእናንተ እተዋለሁ።

የአንድ በመቶ፣ የሁለት በመቶ ነገር ለምን ይህን ያህል አስቆጣት የሚል ካለ አብሮኝ ያስላ። 100 ይዞ የጀመረ ሰው በዓመት 11.4 በመቶ እያተረፈ ስድስት ዓመት ቢቆይ 191 ይደርሳል። በ16.4 በመቶ 249 ይሆናል። በገበያው 17.9 በመቶ 269፣ በ18.5 በመቶ ደግሞ 277። ከ191 እስከ 277 ያለው ርቀት እናንተ በአንድ ዓረፍተ ነገር የዋጣችሁት ነው። ሁላችንንም በአንድ ከረጢት ከታችሁ፣ አንገቱን አስራችሁ፣ ላዩ ላይ 11.4 ብላችሁ ጻፋችሁበት።

ከሁሉም በላይ ያሳዘነኝ የጥናቱ ዋና ግኝት ከዘገባው መጥፋቱ ነው። ወጪ ከመቀነሱ በፊት ብዙ በሚነግዱትና ጥቂት በሚነግዱት መካከል የነበረው የትርፍ ልዩነት እጅግ ትንሽ ነበር። ማለትም አብዝተው የሚነግዱት ሰዎች የመረጧቸው አክሲዮኖች የተለየ ክፋት አልነበረባቸውም። ያራቆታቸው መመላለሳቸው ነው። በዚያን ዘመን ከአንድ ሺህ ዶላር በላይ የሆነ አክሲዮን ገዝቶ መልሶ መሸጥ በአማካይ 3 በመቶ ያህል ለኮሚሽን፣ 1 በመቶ ያህል ደግሞ በመግዣና በመሸጫ ዋጋ መካከል ላለው ልዩነት ያስወጣ ነበር። አማካዩ ቤተሰብ እንኳ በዓመት ውስጥ ካለው አክሲዮን 75 በመቶ ያህሉን ይለዋውጥ እንደነበር ጥናቱ ይናገራል። ይህን የሚያህል ቁም ነገር ትታችሁ «ግለሰቦች ዕውቀት ስለሌላቸው ይከስራሉ» ብላችሁ ደመደማችሁ። ጥናቱ የደረሰበት መደምደሚያ ይህ አይደለም።

መረጃው የ1990ዎቹ መሆኑንም ለአንባቢ አልነገራችሁም። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2019 ትልልቆቹ የአሜሪካ አገናኝ ድርጅቶች የአክሲዮን ግዥና ሽያጭ ኮሚሽናቸውን ዜሮ አድርገዋል። የመግዣና የመሸጫ ዋጋ ልዩነት ግን አሁንም አለ፤ ሸጦ ያተረፈ ሰው የሚከፍለው ግብርም አለ። ኮሚሽን ሲቀር ደግሞ መመላለሱ ይበልጥ ቀላል ይሆናል። ይህን ብትጽፉ ኖሮ አንባቢያችሁ ዛሬ የትኛው ወጪ እንደቀረለትና የትኛው ገና እንደሚጠብቀው ያውቅ ነበር።

የእውነት ከሆነ አይቀር ሙሉውን ልናገር። አማካዩ ቤተሰብም ከገበያው በ1.5 በመቶ ነጥብ ወደ ኋላ ቀርቷል፤ ይህን አልክድም። ጥቂት የሚነግዱት ገበያውን ያሸነፉት ከሌላው ይልቅ አዋቂ ስለሆኑ ነው የሚል ክርክርም የለኝም፤ ልዩነቱ ያን ያህል አይደለምና። የምለው አንድ ነገር ነው። እነዚህ ሰዎች ነበሩ፤ ተቆጥረዋል፤ ውጤታቸው ተመዝግቧል። ከታሪኩ ያወጣችኋቸው እናንተ ናችሁ።

ዘገባው በወጣ ዕለት ልጄ ደወለልኝ። «እማዬ፣ የጋዜጣውን አየሽው? ለምን ሁሉንም ሸጠሽ አትገላገዪም?» አለኝ። ቀጥሎ የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ፣ ቀጥሎ የእህቴ ባል። በሥራ ዘመኔ ሁሉ የሰው ሒሳብ ስመረምር ኖሬያለሁ፤ በጡረታዬ የራሴን እመረምራለሁ። የራሴን ገንዘብ እንዴት እንደምይዝ ለዓመታት ጠይቆኝ የማያውቅ ሰው ሁሉ በአንድ ቀን መካሪ ሆነብኝ፤ ማስረጃው ደግሞ የእናንተ ቀይ ቁጥር ነው። ያኔ ነው ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ የተነሳሁት።

የሆድ ብሶቴ በዚህ አያበቃም። ሒሳቤ ያለበት አገናኝ ድርጅትም የሚያየኝ እንደ እናንተው ነው። እየደወሉ ሒሳቤ «እንቅስቃሴ የሌለው» እንደሆነ ይነግሩኛል። የትርፍ ድርሻዬ በወቅቱ ይገባል፤ የገባውን መልሼ አክሲዮን እገዛበታለሁ፤ መዝገቤ በየጊዜው ይሞላል። ይህ ሁሉ እንቅስቃሴ አይባልም፤ አልሸጥኩማ! ለእነርሱ እንቅስቃሴ ማለት እነርሱ የሚያተርፉበት ነው። ከእነርሱ ይህን ብጠብቅ አይገርመኝም፤ ኑሯቸው ነው። ከጋዜጣ ግን ሌላ ነገር ነበር የምጠብቀው።

መዝገቤን ከጠቀስኩ አይቀር ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ፤ በዘገባችሁ ውስጥ ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ አንድም መስመር አልተሰጠውምና። ጠንካራ ልባስ ያለው ሰፊ የሒሳብ መዝገብ ነው። ቀን፣ የኩባንያው ስም፣ የአክሲዮኑ ብዛት፣ የተገዛበት ዋጋ፣ የተከፈለ ኮሚሽን፣ የተቀበልኩት የትርፍ ድርሻ፣ የተከፈለ ግብር፤ ለእያንዳንዱ ዓምድ አለው። በመጨረሻው ሰፊ ዓምድ ላይ ያንን አክሲዮን የገዛሁበትን ምክንያት በአንድ ዓረፍተ ነገር እጽፋለሁ። የምጽፈው ምክንያት ካጣሁ አልገዛም። ዋጋው በወረደ ጊዜ መጀመሪያ የማየው ይህንኑ ዓምድ ነው። የወረደው ዋጋው ብቻ ነው ወይስ ምክንያቱም ፈርሷል? ኩባንያው ዕዳ ውስጥ ተዘፍቆ፣ ወይም አስተማማኝ ያልኩት ገበያው ጠፍቶ ከሆነ እሸጣለሁ። ዋጋው ብቻ ከሆነ ግን መዝገቡን ዘግቼ ወደ ሌላ ሥራዬ እሄዳለሁ።

ከኪሴ የጨመርኩትን ገንዘብ ደግሞ ለብቻው እይዘዋለሁ። በዘገባችሁ ሒሳቡ በአንድ ዓመት በ65 በመቶ አደገ ያላችሁት ወጣት በመካከል ስንት እንደጨመረ ጠይቃችሁታል? 100 የነበረው ሰው 50 ጨምሮ 165 ቢያገኝ ያተረፈው 15 ነው። ይህ የመጀመሪያ ዓመት የሒሳብ ተማሪ የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። ይህን ሳያጣሩ አንዱን ጀግና፣ ሌላውን ሞኝ ማድረግ ዘገባ አይባልም።

በዓመት አንድ ጊዜ የምሠራው ሥራም አለ። ካለኝ ላይ ከመቶ 60 እጅ አክሲዮን፣ 40 እጅ ቦንድ እንዲሆን ወስኛለሁ። አክሲዮኑ 25 በመቶ አድጎ 75 ቢሆንና ቦንዱ እዚያው 40 ላይ ቢቆም ድምሩ 115 ይሆናል፤ የአክሲዮኑ ድርሻ ከ65 በመቶ አለፈ ማለት ነው። ሚዛኑን ለመመለስ 6 ሸጬ ቦንድ እገዛለሁ፤ 69 ለ46 ይሆናል። አዲስ ቁጠባ በእጄ ካለ መሸጥም አያስፈልገኝም፤ 10 ጨምሬ ቦንድ ብገዛበት 75 ለ50 ሆኖ ከመቶ 60 እጅ ላይ ይመለሳል። ሽያጭ የለም፣ ግብር የለም። ይህ ከሰዓት በኋላ ተቀምጦ የሚያልቅ ሥራ ነው። ሁሉም ሲገዛ ትንሽ እንድሸጥ፣ ሁሉም ሲሸሽ ትንሽ እንድገዛ ያስገድደኛል፤ ስሜቴ ምን እንደሚል አይጠይቀኝም።

ዘገባችሁ «ግለሰቦች ገበያው ሲወድቅ ተደናግጠው ይሸጣሉ» ይላል። የሚሸጡ አሉ። የ500 ያህል ትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎችን የአክሲዮን ዋጋ የሚለካው የኤስ ኤንድ ፒ 500 ጠቋሚ ከኦክቶበር 2007 እስከ ማርች 2009 ድረስ 57 በመቶ ያህል ወርዷል፤ ያንን አይቶ ያልደነገጠ ሰው አላውቅም። 57 በመቶ ያጣ ሰው ወደ ነበረበት ለመመለስ ከ130 በመቶ በላይ ማትረፍ አለበት። ጠቋሚው የቀድሞ ከፍታውን ያለፈው በማርች 2013 ነው። ስለዚህ በጥቂት ዓመት ውስጥ ለቤት ወይም ለልጅ ትምህርት የሚፈለግ ገንዘብ አክሲዮን ውስጥ መግባት የለበትም፤ ቦንዴም የሚቀመጠው ለዚህ ነው። ይህን ምክር ብትጽፉ ከእግዜር ምስጋና ታገኙ ነበር።

በእሱ ፈንታ ያናገራችኋቸው ባለሙያ ገንዘባችንን ለባለሙያዎች እንድናስረክብ መከሩን። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች አሉ። ታዋቂው አሜሪካዊ ባለሀብት ዋረን ባፌት የአክሲዮን ገበያውን እንዳለ የሚከተል አንድ ርካሽ ኢንዴክስ ፈንድ በባለሙያ የተመረጡ የሄጅ ፈንዶችን፣ ማለትም ባለሙያዎች በውድ ክፍያ የሚያስተዳድሯቸውን የባለሀብቶች የጋራ ገንዘቦች፣ ያሸንፋል ብሎ የተወራረደው ሁሉም የሚያየው ታሪክ ነው። ከ2008 መጀመሪያ እስከ 2017 መጨረሻ በተቆጠረው አሥር ዓመት ኢንዴክስ ፈንዱ 125.8 በመቶ አደገ። በሌላው ወገን ከተሰለፉት አምስት የፈንድ ስብስቦች የተሻለው ያገኘው 87.7 በመቶ ነው። ምክንያቱ አብዝተው የሚነግዱትን ቤተሰቦች ካራቆተው የተለየ አይደለም፤ ክፍያ በክፍያ ላይ ተደርቦ ነው። ያናገራችኋቸው ባለሙያ በዓመት ስንት በመቶ እንደሚያስከፍሉ ዘገባው ውስጥ ፈልጌ አጣሁት። ተራው ሰው ከ1976 ጀምሮ ጆን ቦግል ባቋቋመው ቫንጋርድ በተባለው የአሜሪካ ድርጅት በኩል ኢንዴክስ ፈንድ መግዛት መቻሉም አልተጠቀሰም። ገበያውን እንዳለ በርካሽ ይዞ መቀመጥ እየተቻለ፣ ለአንባቢ «ወይ ቁማር፣ ወይ ባለሙያ» ብሎ ሁለት በር ብቻ ማሳየት ምን የሚሉት ነው?

ሌላም አለ። ያናገራችኋቸው ባለአክሲዮኖች ሁሉ ወንዶች ናቸው፤ ፎቶግራፉም በብዙ ስክሪኖች መካከል ራሱን የያዘ ጎረምሳ ነው። እነዚሁ ሁለት ምሁራን በ2001 ባወጡት ሌላ ጥናት ወንዶች ከሴቶች 45 በመቶ የበለጠ እንደሚገዙና እንደሚሸጡ፣ በዚህም በዓመት 2.65 በመቶ ነጥብ የተጣራ ትርፍ እንደሚቀንስባቸው፣ በሴቶች ላይ የሚቀንሰው ደግሞ 1.72 እንደሆነ አሳይተዋል። ስለ አክሲዮንና ስለ ኪሳራ ስትጽፉ ትንሽ የምንከስረውን ሴቶች አንዲት ጥያቄ እንኳ ሳትጠይቁን ከከሳሪዎቹ ጋር ደመራችሁን።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ዘገባው በወጣበት ገጽ፣ በዚያው መጠን ፊደል፣ 11.4 በመቶ አብዝተው የሚነግዱት የአምስተኛው ቡድን ውጤት እንደሆነ ጻፉ። ከጎኑ 16.4ን እና 18.5ን አስቀምጡ። የወጪውን ነገር በሁለት መስመር አስረዱ፤ መረጃው ከየትኛው ዘመን እንደሆነም ግለጹ። በገጹ ግርጌ በጥቃቅን ፊደል የሚወጣ እርማት አልቀበልም፤ ልጄ ያየው ትልቁን ቁጥር ነውና። ዘጋቢያችሁ ጥቂት የሚነግድ ሰው ማነጋገር ከፈለገ ደግሞ ስሜ እንዳይወጣ እንጂ መዝገቤን ይዤ ቢሯችሁ እመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት ባለአክሲዮን አንባቢያችሁ