የሚቆለፈው ፔዳል ይከልከል ለተባለው

ይድረስ ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፤

በአንባቢያን ገጻችሁ አንድ ጸሐፊ ጫማቸውን ከፔዳል ጋር የሚቆልፉ ሰዎች ከከተማው የብስክሌት መንገድ እንዲከለከሉ የጠየቁበትን ደብዳቤ አነበብኩት። ጸሐፊው አንድ ወጣት መብራት ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ ሲል ከነብስክሌቱ እንደ ግንድ ሲገነደስ አይተዋል። መደንገጣቸው አይፈረድባቸውም። እግሩ ታስሮ የሚወድቅ ሰው ማየት ያስፈራል። መፍትሔው ክልከላ ነው ማለታቸው ግን አልተዋጠልኝም። እኔ ሃምሳን የተሻገርኩ የማተሚያ ማሽን ቴክኒሺያን ነኝ። ከሳሪስ አራት ኪሎ ድረስ ሥራ የምመላለሰው በብስክሌት ነው፤ የእኔም ጫማ ይቆለፋል።

ዕቃውን አይቶት ለማያውቅ ባጭሩ ልንገር። ከጫማው ሶል ሥር ክሊት የሚባል የአውራ ጣት ያህል ብረት በሁለት ብሎን ይታሰራል። ፔዳሉ ላይ ደግሞ በስፕሪንግ የሚሠራ መንጋጋ አለ። ጫማውን ከላይ ጫን ሲያደርጉት ክሊቱ ቀጭ ብሎ ይገባል። ከዚያ ወዲያ እግርን ወደ ላይ ቢስቡት አይወጣም፤ ወደ ኋላ ቢጎትቱትም አይወጣም። የሚወጣው ተረከዝን ወደ ውጭ ሲያዞሩት ነው። ያ ወጣት የወደቀው ለዚህ ይመስለኛል። ሰው ሊወድቅ ሲል እግሩን ወደ ላይ አንስቶ መሬት ለመርገጥ ይሞክራል፤ ይህ ፔዳል ደግሞ እምቢ የሚለው ይህንኑ ነው።

ጸሐፊው «ለእሽቅድምድም የተሠራ ማሰሪያ» ብለውታል። እውነት ነው፣ መጀመሪያ የተሠራው ለተወዳዳሪዎች ነው። ግን ከዚያ በፊት የነበረውን ማየት ደግ ነው። በ1949 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ላይ ስትሰለፍ፣ ሜልቦርን ከሄዱት ስፖርተኞቻችን መካከል ብስክሌተኞች ነበሩበት። የእነሱ ዘመን የጠፍር ዘመን ነበር። ተወዳዳሪ እግሩን ፔዳሉ ላይ በቆዳ ጠፍር አጥብቆ ያስርና፣ ሊቆም ሲል ጎንበስ ብሎ በእጁ ያላላው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1984 ሉክ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ የበረዶ መንሸራተቻ ጫማ የሚያዝበትን ዘዴ ወደ ብስክሌት አመጣው። በዓመቱ ፈረንሳዊው ብስክሌተኛ በርናርድ ኢኖ በዚሁ ፔዳል ታላቁን የብስክሌት ውድድር ቱር ደ ፍራንስን አሸነፈ። የጃፓኑ ኩባንያ ሺማኖ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1990 ክሊቱ ከሶሉ ውስጥ ጠለቅ ብሎ የሚቀመጠውን፣ ወርደውም በእግር የሚሄዱበትን ዓይነት አወጣ። እኔ የምጠቀመው ይህን የኋለኛውን ነው። እንግዲህ አደገኛ የተባለው ዕቃ ጠፍር መፍታት ሳያስፈልግ በተረከዝ ብቻ ለመውጣት የሚያስችል ነው።

ለምን ያስፈልግሃል የሚሉኝ አሉ። ባሕር ዳር ወይም ሐዋሳ ብኖር ኖሮ አያስፈልገኝም ነበር፤ እዚያ ሜዳው ላይ ሰዉ በነጠላ ጫማ ሽር ይላል። እኔ ግን ጠዋት በጎተራ፣ በመሿለኪያ አድርጌ መስቀል አደባባይ ስደርስ ገና ዳገቱ ይጠብቀኛል። በአፍሪካ አዳራሽ፣ በሂልተን፣ በአንድነት ፓርክ በኩል አራት ኪሎ የሚወጣውን መንገድ በመኪና ብቻ የሚያውቀው ሰው ዳገት መሆኑን እንኳ ልብ አይለውም። ጉልበት ግን ልብ ይለዋል። ከኮርቻ ተነስቼ ስረግጥ፣ በተለይ በክረምት፣ እግሬ ከፔዳል እንዳይንሸራተት እፈልጋለሁ። ሻጮች «ወደ ላይም ስለምትስብ ጉልበትህ እጥፍ ይሆናል» ይላሉ፤ አትመኗቸው። ዳገቱ ዳገት ነው። ጥቅሙ እግር በተቀመጠበት ቦታ መቆየቱ ነው፣ ለእኔ ይበቃኛል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልግባ። ይህን ነገር ያስተማረኝ ክለብ ውስጥ የሚወዳደር የጎረቤቴ ልጅ ነው። ጫማውን አጥልቄ አስፋልት ልወጣ ስል በር ላይ አስቆመኝና፣ «ጋሼ፣ መግባቱን ይተዉት፣ እሱ በራሱ ይመጣል። እኛ የምንማረው መውጣቱን ነው» አለኝ። በግራ እጄ የግቢውን አጥር አስያዘኝ። ብስክሌቱ እንደቆመ ቀኝ እግሬን አስቆለፈኝ፣ አስፈታኝ፤ ደግሞ አስቆለፈኝ፣ ደግሞ አስፈታኝ። እኔ እግሬን ወደ ላይ ልስብ ስታገል እያየ፣ «አይሳቡት ጋሼ፣ ተረከዝዎን ወደ ውጭ ይምቱት፤ በር በተረከዝ እንደሚዘጋ ሰው» ይላል። ቀኙ ሲለምድልኝ ግራውን፤ ሁለቱንም ባንድ ላይ መቆለፍ የፈቀደልኝ ኋላ ነው።

ከዚያ እሁድ ጠዋት ጃንሜዳ ሄድን። ሣሩ ላይ ቀስ ብዬ ስዞር እሱ ከጎኔ ሶምሶማ እየሮጠ ድንገት ያጨበጭባል። ሲያጨበጭብ ቀኝ እግሬ ወጥቶ መገኘት አለበት፤ ፍሬን የሚያዘው ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን እንዳልገለብጥ አጥብቆ ነገረኝ። መጀመሪያ እግር፣ ቀጥሎ ፍሬን። ኳስ የሚጫወቱ ልጆች አይተውን ከእሱ ጋር ማጨብጨብ ጀመሩ፤ እንዴት እንዳደከሙኝ አትጠይቁኝ።

ያን ጊዜ የልጅ ጨዋታ መስሎኝ ነበር። ከሳሪስ እስከ መስቀል አደባባይ ከሚኒባስ ጋር እየተጋፋሁ መንዳት ስጀምር ግን የጭብጨባው ትርጉም ገባኝ። የአዲስ አበባ ታክሲ የሚቆመው ፌርማታ ስለደረሰ አይደለም፤ ከውስጥ አንዱ «ወራጅ አለ!» ስላለ ነው። መስኮት ክፍት ከሆነ ድምፁ ለእኔም ይሰማል። አሁን «ወራጅ» የሚለው ሲሰማኝ ሾፌሩ ፍሬን ሳይዝ የእኔ ተረከዝ ዞሯል። የማወጣውም ሁልጊዜ ቀኙን ነው። በቀኝ ነጂ አገር የእግረኛው ጠርዝ በቀኝ ስለሆነ፣ ባዘነብልም ወደ ጠርዙ እንጂ ወደ መኪናው አይደለም። ካቴናው ያለው በቀኝ በኩል ስለሆነ ሱሪ በቅባት ይበላሻል፤ በዚህ የተነሳ ግራቸውን የሚያወጡ ብዙ ናቸው። ሱሪ ይታጠባል። በቀለም ለምኖር ለእኔ ደግሞ የካቴና ቅባት ምንም አይደለም።

በሙያዬ ምክንያት ሳላየው የማላልፈው ሌላ ነገር አለ። መንጋጋው ክሊቱን የሚይዝበት ጥንካሬ በትንሽ ብሎን ይስተካከላል፤ በሦስት ሚሊ ሜትር ባለ ስድስት ጎን ቁልፍ ይዞራል። ለጀማሪ እስከሚቻለው ድረስ መላላት አለበት። በሁለቱም ፊት በሚቆለፈው ዓይነት ላይ ግን ብሎኑ በአንድ ፔዳል አንድ አይደለም፤ ለያንዳንዱ ፊት የየራሱ አለው። ባጠቃላይ አራት ናቸው ማለት ነው። አንድ ጠጋኝ የሥራ ባልደረባዬን ፔዳል «አላልቼዋለሁ» ብሎ ሰጠው። ሰውዬው አንዳንዴ እግሩ በቀላሉ ይወጣል፣ አንዳንዴ ደግሞ ሲታገል ይቆያል፤ ዕቃው ተበላሽቷል ብሎ ሊጥለው ነበር። ገልብጬ ሳየው የላላው አንድ ፊት ብቻ ነው። ፔዳሉ እየዞረ የትኛው ፊት ከላይ እንደሚመጣለት ዕጣ ነበር የሚያወጣው።

ከዚህ የባሰው የክሊቱ ብሎን ነው። ክሊቱ በሁለት ብሎን ይታሰራል ብያለሁ። አንዱ ላልቶ ቢወድቅ ክሊቱ በቀረው ብሎን ላይ እንደ ልቡ ይሽከረከራል። ተረከዝዎን ሲያዞሩ ጫማው ይዞራል፣ ክሊቱ ግን መንጋጋው ውስጥ እንደተነከሰ ይቀራል። ያን ጊዜ የፈለገውን ያህል የሰለጠነ ቢሆን አይወጣም፤ ጫማውን አውልቆ መውረድ ነው ያለው። አዲስ ክሊት ካሰሩ በኋላ ጥቂት ነድተው ደግመው ማጥበቅ፣ ከዚያም በየሳምንቱ በአራት ሚሊ ሜትር ቁልፍ መነካካት ያስፈልጋል። ጭቃ ሲገባበትም ለመግባትም ለመውጣትም ያስቸግራል፤ ለክረምት ቦርሳዬ ውስጥ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ አለች።

ጸሐፊውና እኔ የምንስማማበት አንድ ቦታ አለ፤ አደጋ አለ። እኔ የማየው አደጋ ግን ከሱቁ በር ይጀምራል። ከውጭ ከሚገቡት ያገለገሉ ብስክሌቶች ብዙዎቹ ይህ ፔዳል ተገጥሞላቸው ይመጣሉ፣ ጫማቸው ግን አብሮ አይመጣም። ሻጩ ለገዢው ምንም አይነግረውም። ገዢውም ያን ጠባብ፣ ለስላሳ ብረት በተራ ጫማ እየረገጠ ይሄዳል። ዝናብ ሲመጣ እግሩ ይንሸራተትና ፔዳሉ ተመልሶ ቅልጥሙን ይለዋል። ይኸው ባልደረባዬ ጫማውን የገዛው እንዲህ ዓይነት ጠባሳ ካተረፈ በኋላ ነው። ሻጮች ወይ ጠፍጣፋ ፔዳል ገጥመው ይሽጡ፣ ወይ ጫማውንና አለማመዱን አብረው ይስጡ። ፔዳል መቀየር የደቂቃ ሥራ ነው። የግራው ፔዳል የብሎን ጥርስ ግልባጭ መሆኑን ብቻ አይርሱ፤ የግራው የሚፈታው ሌላው ብሎን በሚጠብቅበት አቅጣጫ ነው። ይህን የማያውቅ ጠጋኝ በጉልበት ሲታገል የበላውን ጥርስ አይቻለሁ።

ለሥራ መመላለሻ ለሚፈልግ ሰው ደግሞ በአንድ ፊቱ የሚቆለፍ፣ በሌላው ጠፍጣፋ የሆነ ፔዳል አለ። ሰው በበዛበት፣ ሕፃናት በሚሮጡበት ቦታ በጠፍጣፋው ይነዳል፤ ዳገቱ ሲጀምር ይቆልፋል። ጸሐፊው ይህን ቢያዩ ሐሳባቸው የሚለዝብ ይመስለኛል። ከመስቀል አደባባይ ወዲያ አዲሱ የብስክሌት መንገድ ላይ መኪና አቁሞ «አሁን መጣሁ» የሚል ሰውም አለ፤ ስለ እሱም አንድ ደብዳቤ ቢጽፉ እኔ አብሬ እፈርማለሁ። ያለ ምክንያት የሚያስቆም ነገር ባነሰ ቁጥር የሚወድቅም ያንሳል።

በመጨረሻ አንባቢዎቻችሁን አንድ ነገር ልጠይቅ። ክሊት ያልቃል፤ አስፋልት ላይ በተራመዱበት ቁጥር ብረቱ ይበላል፣ የተበላ ክሊት ደግሞ ሳይጠሩት ይወጣል። ምን አለሽ ተራ ብሎኑን አግኝቻለሁ፣ ክሊቱን ግን ከነጫማው ወይም ከነፔዳሉ ካልሆነ የሚሸጥልኝ አጣሁ። ባለ ሁለት ብሎኑን ለብቻው የሚሸጥ ሱቅ የሚያውቅ አንባቢ ካለ ሰፈሩን ቢጽፍልን ብዙዎቻችን እንጠቀማለን።

ከአክብሮት ጋር
የማተሚያ ማሽን ቴክኒሺያን፣ ከሳሪስ