ከቀዶ ሕክምና በኋላ ስለሚበላ መክሰስ

ውድ ወዳጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ከተጻጻፍን ረጅም ጊዜ ሆኖናል፤ ቀዶ ሕክምና ተደርጎልሽ ወደ ቤት መመለስሽንም የሰማሁት ከእህትሽ ነው። «ምግብ አልወርድ ብሏታል» ስትለኝ ግን ሌላው ወሬ ይቆየን ብዬ ስለዚሁ ጉዳይ ልጽፍልሽ ወሰንሁ።

የምግብ ፍላጎትሽ መዘጋቱ አያስደንቅም፤ ማደንዘዣውም፣ ማስታገሻውም፣ ሕመሙ ራሱም ይዘጉታል። አስቸጋሪው ነገር ሰውነት ፕሮቲን አብዝቶ የሚፈልገው በዚሁ ወቅት መሆኑ ነው። ቁስልን የሚያያይዘው ኮላጅን ራሱ ፕሮቲን ነው፤ ሰውነት የሚሠራበትን ከምግብ ካላገኘ የገዛ ጡንቻውን እያፈረሰ ይወስዳል፤ ተኝቶ መዋልም ይህንኑ ያባብሰዋል። ጤነኛ ሰው በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 0.8 ግራም ያህል ሲበቃው፣ ከቀዶ ሕክምና ለሚያገግም ሰው ብዙውን ጊዜ የሚመከረው ከ1.2 እስከ 1.5 ግራም ነው፤ ይህም 60 ኪሎ ለሚመዝን ከ72 እስከ 90 ግራም ይሆናል።

ይህን ያህል በሦስት ማዕድ ለመጨረስ መታገል አሁን ለአንቺ የሚሆን አይመስለኝም። ይልቅስ በየሁለትና በየሦስት ሰዓቱ ጥቂት ጥቂት ቅመሺ። አንድ የተቀቀለ እንቁላል 6 ግራም፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ግራም፣ አንድ እፍኝ ኦቾሎኒ 7 ግራም ያህል ይሰጣል፤ ውኃው ተጠልሎ የወፈረ እርጎ ደግሞ በ100 ግራሙ ወደ 10 ግራም ይጠጋል፤ ማኘክ ለታከተው ሰው ከእርሱ የሚሻል አላውቅም። ብርቱካን ወይም ሌላ ቫይታሚን ሲ ያለው ፍሬ ጨምሪበት፤ ያለዚህ ቫይታሚን ኮላጅኑ በወጉ አይሠራምና። በፕሮቲን ስም የሚሸጡት ጣፋጮች ብዙዎቹ ስኳር የበዛባቸው ስለሆኑ ገንዘብሽን ባታወጪባቸው እመርጣለሁ፤ የፕሮቲን ዱቄቱም ቢሆን ምግብ ጨርሶ እምቢ ሲል ብቻ የሚጠቅም ይመስለኛል።

አንዳንድ ማስታገሻዎች ሆድ ያደርቃሉ፤ ወተትና እንቁላል ደግሞ ሆድ የሚያለሰልሰው ፋይበር (አሰር) የላቸውም። ስለዚህ የተቀቀለ ምስር ወይም ሽምብራ በመካከል አስገቢ፤ ሐኪምሽ ካልከለከለሽም ውኃ አብዝተሽ ጠጪ።

ቀዶ ሕክምናው የት ላይ እንደተደረገ እህትሽ አልነገረችኝም። ሆድ ወይም አንጀት ላይ ከሆነ ሐኪምሽ ያዘዘው አመጋገብ ከዚህ ደብዳቤ ይቀድማል፤ የኩላሊት ችግር ካለብሽም ሐኪምሽን ሳታማክሪ ፕሮቲን አትጨምሪ። ከእነዚህ የትኛው እንደተስማማሽ ጻፊልኝ።

ወዳጅሽ